ለትምህርት ቤት ላብ ኦል ኢን ዋን ይገዛ ወይስ ሞኒተሩ ለብቻው?

የላብ ኃላፊ፦
ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 25 ኮምፒውተር ሊገዛ ነው፤ ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ወገን «ኦል ኢን ዋን (ኮምፒውተሩም ስክሪኑም አንድ አካል የሆነ) ይሁን፤ ገመድ አያበዛ፣ ጠረጴዛ አያጣብብ» ይላል። ሌላው «ሞኒተሩም ሲስተም ዩኒቱም (ሳጥኑም) ለየብቻ ይሁኑ፤ የተበላሸው ብቻ ይቀየራል» ባይ ነው። ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው የጠረጴዛ ስፋት 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ሶኬት ያለው ግድግዳው ላይ ብቻ ነው፤ መብራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። እባካችሁ በብራንድ ፍቅር ሳይሆን በምክንያት ተከራከሩ።

ሶልደር፦
እኔ ለየብቻ ባይ ነኝ። ሞኒተር ካልወደቀና ካልተመታ አሥር ዓመት ቢያገለግል አይገርምም። ኮምፒውተሩን ግን ሶፍትዌሩ ቀድሞት ይሄዳል። ሩቅ ሳንሄድ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። 6ኛ ትውልድ የሆነ ኦል ኢን ዋን ስክሪኑ ምንም ሳይሆን ከነቦርዱ መጋዘን ይገባል። ሞኒተሩ ለብቻው ቢሆን ኖሮ የሚቀየረው ሳጥኑ ብቻ ነበር።

ንብረት ክፍል፦
ወንድሜ፣ ይኼ ለግለሰብ ያስኬዳል። በመሥሪያ ቤት ግን 25 ወንበር ማለት 50 የንብረት ቁጥር ሊሆን ነው፤ ኪቦርድና ማውሱን ሳንቆጥር። ሞኒተሩ ከአንድ አቅራቢ፣ ሳጥኑ ከሌላ ከመጣ ደግሞ «ምስል የለም» በተባለ ቁጥር አንዱ በሌላው ያሳብባል፤ ዋስትናውም መሀል ላይ ይቀራል። ስርቆትንም አትርሳ። የሲስተም ዩኒት ሽፋን ሁለት ብሎን ቢፈታለት ነው፤ ራሙ ኪስ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኦል ኢን ዋንን ለመክፈት ግን ጊዜም እጅም ይጠይቃል።

ሶልደር፦
ጋሼ፣ ለመክፈት የሚያስቸግረው ሌባውን ብቻ አይደለም፤ ጠጋኙንም ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው የላፕቶፕ ዕቃ ነው፦ ራሙ ኤስኦዲም (አጭሩ የላፕቶፕ ራም)፣ ፋኑ ቀጭን፣ ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ። አቧራ ባለበት ክፍል የሙቀት ማስወጫው ክንፎች ይደፈናሉ፤ ፕሮሰሰሩ ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ተማሪው «ቫይረስ ገባበት» ይላል። መፍትሔው በዓመት አንዴ ከፍቶ መንፋትና ቴርማል ፔስቱን ማደስ ነው። ስክሪኑ በማጣበቂያ የተለጠፈ ሞዴል ከሆነ ግን ማን ደፍሮ ይከፍተዋል?

ባለ ዩፒኤስ፦
የመብራቱን ነገር በቁጥር እንየው። 650 ቪኤ እየተባለ በሚሸጠው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በባትሪ የሚያሠራው) ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይመጣል። በኢንቨርተሩ የሚባክነውና ባትሪው በፍጥነት ሲመጠጥ የሚያጣው ሲቀነስ፣ ግማሹን ማለትም 40 ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ቁጠሩ። ትልቅ ሲስተም ዩኒት ከአሮጌ ሞኒተር ጋር 100 ዋት ከወሰደ የሚቆየው 24 ደቂቃ ነው። ለቢሮ ሥራ የሚሆን ኦል ኢን ዋን ከ40 እስከ 50 ዋት ስለሚበቃው እጥፍ ይቆያል። በዚህ በኩል ኦል ኢን ዋኑ ያሸንፋል።

ወረዳ አይቲ፦
ያሸነፈው አሮጌውን ሳጥን ነው። ሚኒ ፒሲን (ያለ ስክሪን የምትሸጠውን ትንሿን ኮምፒውተር) ለምን አላወዳደርከውም? ባለ 35 ዋት ፕሮሰሰር ያለው ሚኒ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ከ15 እስከ 25 ዋት ይወስዳል፤ ባለ 22 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር 20 ዋት ገደማ ይጨምራል። ተደምሮ ከኦል ኢን ዋኑ እኩል ነው። መብራት ሲመጣ ወጥቶ በሚወርደው ኃይል መጀመሪያ የሚመታውም ከውጭ ያለው አዳፕተር ነው፤ ምንም ሳይከፈት ይቀየራል። በዚህ ሚኒውና አዳፕተሩ ከውጭ የሆነ ኦል ኢን ዋን አንድ ናቸው። ሲስተም ዩኒት ግን ፓወር ሰፕላዩ ሆዱ ውስጥ ነው።

ሶልደር፦
እዚህ ላይ የራሴን ወገንም ልውቀስ። ሲስተም ዩኒት ሁሉ መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል ማለት አይደለም። ያገለገሉት ትናንሽ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሳጥኖች ብዙዎቹ ባለ 24 ፒኑን የተለመደ ኤቲኤክስ ፓወር አይቀበሉም፤ መሰኪያውም ቅርጹም የራሳቸው ነው። በአዳፕተሩ በኩልም ተጠንቀቁ። ዴል መሀሉ ላይ ባለችው ቀጭን ፒን አዳፕተሩን ይለየዋል። ባለ 19.5 ቮልት ተመሳሳይ አዳፕተር ተገኘ ተብሎ ሲሰካ ማሽኑ ይነሣል፤ ግን አዳፕተሩን ካላወቀው ፕሮሰሰሩ ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ወርዶ ይቀራል። ስንቱ በዚህ ምክንያት ፎርማት ተደርጓል!

ፒክስል፦
ሁላችሁም ስለ ሳጥኑ ነው የምታወሩት፤ ተማሪው የሚያየው ግን ስክሪኑን ነው። የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ ይልቅ ጥቃቅን ቅጥያ ይበዛዋል። ባለ 21.5 ኢንች ሞኒተር በ1920 በ1080 ሲሠራ በአንድ ኢንች 102 ነጥብ አለው፤ 27 ኢንች በዚያው ጥራት ወደ 82 ይወርዳል። በ10 የፊደል መጠን በኒያላ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ላይ «ጨ» እና «ጬ»፣ «ኅ» እና «ኃ» የሚምታቱት ያኔ ነው። ስለዚህ «ትልቅ ስክሪን» ብሎ ብቻ መግዛት ስሕተት ነው። ኦል ኢን ዋንንም በጅምላ አትኮንኑ። የአፕል ባለ 27 ኢንች አይማክ በ2020 ከነ5ኬ (እጅግ ጥራት ያለው) ስክሪኑ ከ1,799 ዶላር ይጀምር ነበር። በ2022 የወጣው ስቱዲዮ ዲስፕሌይ ደግሞ ስክሪን ብቻ ሆኖ መነሻው 1,599 ዶላር ነበር። ለሥዕልና ለኅትመት ሥራ ኮምፒውተሩ በ200 ዶላር ተመረቀ ማለት ነው።

ወረዳ አይቲ፦
እህቴ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፤ መጨረሻውን ግን ተመልከቺው። አይማክን እንደ ሞኒተር መጠቀም የሚቻለው እስከ 2014 አጋማሽ በወጡት ላይ ነው፤ ባለ 5ኬዎቹ ከውጭ በገመድ ምስል አይቀበሉም። ቦርዱ የሞተ ዕለት ያ ምርጥ ስክሪን ጌጥ ነው። ለኦል ኢን ዋን የሚሟገት ሰው መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው ወይ? ቀዳዳው መኖሩ አይበቃም። መውጫ ብቻ የሆነው ይበዛል፤ ስፔስፊኬሽኑ ላይ «መግቢያ» የሚል ቃል በግልጽ ይፈለግ። መግቢያ ካለው ከአምስት ዓመት በኋላ ሚኒ ፒሲ ተሰክቶበት ሞኒተር ይሆናል።

ንብረት ክፍል፦
መግቢያ ባይኖረውስ? ፓኔሉን (ራሱን ስክሪኑን) አውጥቶ በኮንትሮለር ቦርድ (ከውጭ የመጣውን ምስል ለፓኔሉ በሚያደርስ ሰሌዳ) ሞኒተር ማድረግ ይቻላል ሲባል እንሰማለን።

ሶልደር፦
ይቻላል፤ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም። ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈውን ሙሉ ቁጥር አንብበው ይጀምራሉ፤ የኮምፒውተሩ ሞዴል ቁጥር አይጠቅምም፣ አንድ ሞዴል ሁለት ሦስት ዓይነት ፓኔል ይኖረዋልና። በቁጥሩ መሰኪያው ኤልቪዲኤስ ይሁን ኢዲፒ፣ ስንት ፒን እንዳለውና የሚሠራበት ቮልት ይታወቃል። ኮንትሮለር ቦርዱ ላይ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት የሚመረጥባት ጃምፐር (ትንሽ ማገናኛ) አለች። ለ5 ቮልት ፓኔል 12 ላይ ተረስታ ከተሰካ ፓኔሉ በአንድ ቅጽበት ያበቃለታል። ጃምፐሩን ያስተካክሉ፤ ገመዱ ሳይሰካ በመልቲሜትር ይለኩ፤ ከዚያ ይሰኩ። ቦርዱ ለፓኔሉ ጥራት የሚስማማ ፈርምዌር (የቦርዱ የውስጥ ሶፍትዌር) ካልተጫነበት ምስሉ ይሰነጣጠቃል ወይም ቀለሙ ይዛባል። የጀርባ መብራቱ ነጂም ከፓኔሉ ኤልኢዲ ጋር መግጠም አለበት፤ ከረንት ከበዛበት ለጊዜው ደምቆ በኋላ ይቃጠላል። ለአንድ ማሽን ያዋጣል። ለ25 ግን የእጅ ዋጋው አዲስ ሞኒተር ይገዛል።

ደግሞ ስክሪኑ የጠቆረ ሁሉ ፓኔሉ አልሞተም። በጨለማ የስልክ ባትሪ አብርተው አጋድመው ቢያዩት ደብዛዛ ምስል ከታየ የሄደው የጀርባ መብራቱ ነው።

የላብ ኃላፊ፦
ወደ ሚኒ ፒሲው እያደላሁ ነው። ግን ሚኒ ከራምም በላይ ለኪስ ይመቻል። ገመዱስ?

ወረዳ አይቲ፦
ሚኒው በቬሳ ብራኬት (ከሞኒተር ጀርባ ባሉት አራት ቀዳዳዎች በሚታሰር መያዣ) ከሞኒተሩ ጀርባ ይታሰር። ቀዳዳዎቹ 100 በ100 ሚሊ ሜትር፣ ብሎኑ ኤም 4 ነው። ብሎኑ ከረዘመ የሞኒተሩን ውስጥ ይወጋል፤ ልኩን ከመመሪያው እዩ። ላዩ ላይ የደኅንነት ገመድ ይጨመር። የምስል ገመዱን አጭር፣ ግማሽ ሜትር ግዙ። አንዳንድ ሚኒ ያለው ዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው። ርካሽ ሞኒተር ደግሞ ቪጂኤ ይዞ ይመጣል፤ በመሀል የሚገባው መቀየሪያ ሲግል ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት መሰኪያ ይኑራቸው ብላችሁ ጻፉ። ለሶኬቱ ባለ ሹካ የፓወር ገመድ ይበቃል፦ አንድ ሶኬት፣ ሁለት መጨረሻ፤ አንዱ ለሞኒተሩ፣ ሌላው ለአዳፕተሩ። የማብሪያ ቁልፉ ከጀርባ ስለሚደበቅ በኪቦርድ የሚነሣ ሞዴል ብትመርጡ ይሻላል። አንዳንዶቹ የሌኖቮ ቲንክሴንተሮች ኪቦርዱ በተመደበለት ዩኤስቢ ከተሰካ ኦልት እና ፒ ሲጫኑ ይበራሉ።

ንብረት ክፍል፦
ሞኒተሩና ሚኒው ከአንድ አቅራቢ፣ በአንድ ሎት፣ በአንድ ዋስትና ከተገዙ እኔም ተቃውሞ የለኝም። በአንድ ብራኬት ስለሚታሰሩም ለንብረት ምዝገባ እንደ አንድ ወንበር ይያዙልኝ።

የላብ ኃላፊ፦
እንግዲህ እንዲህ ጽፌያለሁ፦ ሞኒተር 21.5 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ ባለ ቬሳ 100፤ ሚኒ ፒሲ ዊንዶውስ 11ን በይፋ የሚቀበል፣ ራሙ የሚቀየር፣ አዳፕተሩ የራሱ የፋብሪካው።

ባለ ዩፒኤስ፦
«ባለ ቬሳ» ብቻ አትበል። በብዙ ሞኒተር መቆሚያው ራሱ የሚታሰረው በእነዚያው አራት ቀዳዳዎች ነው። ብራኬቱን ስታስር መቆሚያ ታጣለህ፤ መቆሚያውን ስታስር ሚኒው ሜዳ ላይ ይቀራል። «መቆሚያው ከተገጠመ በኋላ ነፃ የሆነ ቬሳ፣ ወይም መቆሚያው ላይ የሚታሰር ብራኬት» ብለህ አስተካክለው። ሃያ አምስቱንም ከመረከባችሁ በፊት አንዱን አስገጥማችሁ እዩ።