የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ ኮከብ መሥራት ያቆሙ ጋላክሲዎች (የደሴ፣ የኮምቦልቻና የወልድያ አባላት በረቂቁ ላይ የተለዋወጡት)

ጸሐፊ፣ ደሴ፦ ረቂቁ ይኸው። ሩቅ ጋላክሲዎች ኮከብ መሥራት ለምን እንደሚያቆሙ ተማሪዎቹ ከነፃ መረጃ ራሳቸው ይለያሉ። መስፈርቱ፦ በዓመት የሚሠራው ኮከብ ለጋላክሲው የኮከብ ክብደት ተካፍሎ ከ100 ቢሊዮን አንድ በታች ከሆነ ቆሟል። ገንዘቡ ለኢንተርኔት፣ ለትራንስፖርት፣ ለባለ ቀለም ሕትመት። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ወልድያ፦ «ሩቅ» ይውጣ። አዲስ ኮከብ መሠራቱን የሚያሳየው የሃይድሮጅን አልፋ የብርሃን መስመር 656.3 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ሬድሺፍት (ከርቀት የተነሣ የብርሃኑ ሞገድ የመርዘም መጠን) 2 ላይ 1,969 ይደርሳል። የስሎን (ነፃ መረጃ የሚሰጠው የሰማይ ቅኝት) ስፔክትረም፣ ማለትም በሞገድ ርዝመት የተዘረዘረው ብርሃን፣ 1,000 አካባቢ ያልቃል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕን መረጃ ማጽዳት ደግሞ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሥራ አይደለም። ቅርብ የሆነውን የጋላክሲዎች ስብስብ፣ ኮማ ክምችትን እንያዝ፣ ሬድሺፍቱ 0.023 ነው።

ገንዘብ ያዥ፣ ኮምቦልቻ፦ ባለ ቀለም ሕትመት ለምን? ከትራንስፖርቱ በልጧል። በጥቁርና ነጭ ይታተም።

ደሴ 2፦ ሥራው ሁሉ ቀዩን (የቆመውን) ከሰማያዊው (ገና ኮከብ ከሚሠራው) መለየት አይደል እንዴ!

ገንዘብ ያዥ፦ ቀለሙ ቁጥር ነው። በዩ (አልትራቫዮሌት) ማጣሪያ ከተለካው ማግኒቲዩድ (ሲጨምር ብርሃኑ የሚደክም የድምቀት ቁጥር) በአር (ቀይ) ማጣሪያ የተለካው ሲቀነስ ከ2.22 በላይ ቀይ፣ በታች ሰማያዊ። ቀዩን በመስቀል፣ ሰማያዊውን በክብ ምልክት አድርጉበት።

ደሴ 2፦ ግራፉስ እሺ፣ ምስሉስ? የመጀመሪያው ስሎን ፋይበር (ብርሃኑን ለስፔክትረም የሚወስደው ቀጭን ክር) ስፋቱ 3 ቅስት ሰከንድ (የዲግሪ 3,600ኛ እጅ) ነበር፤ ኮማ ላይ 4,500 የብርሃን ዓመት ገደማ፣ የጋላክሲውን መሃል ብቻ ይይዛል። መሃሉ አርጅቶ ክንዱ ገና ኮከብ የሚሠራ ጋላክሲ «ቆሟል» ተብሎ ይመዘገባል። ልጁ ስህተቱን የሚይዘው ክንዱ ሰማያዊ መሆኑን ሲያይ ነው።

ኮምቦልቻ 2፦ ስክሪን ላይ ይየው።

ደሴ 2፦ መብራት ሲጠፋስ? የባነሩን ጊዜም እንዲሁ ነበራችሁ።

ኮምቦልቻ 2፦ የባነሩን ነገር አታንሳ! ብቻችሁን ወስናችሁ እኩል አስከፈላችሁን። ወላሂ ዘንድሮ አይደገምም።

ሰብሳቢ፦ ኧረ እናንተ ሰዎች! ባነሩ አልፏል። ወደ ሥራው።

ወልድያ፦ ዋናውን ትታችሁታል። ቀይ ሁሉ የቆመ አይደለም፤ አቧራ ያለበት በጎኑ የዞረ ጋላክሲም ይቀላል፣ ስለዚህ ወርዱ ከርዝመቱ ግማሽ በታች የሆነው ይውጣ። ሁለተኛ፣ ፋይበሮቹ በሚሰኩበት አንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት ፋይበር ከ55 ቅስት ሰከንድ በላይ አይቀራረብም ነበር፤ የክምችቱ መሃል ላይ፣ በጋላክሲዎቹ መካከል ያለው ትኩስ ጋዝ የጋላክሲውን ቀዝቃዛ ጋዝ በሚገፍበት ቦታ፣ ስፔክትረም ያልተነሣላቸው ይኖራሉ። ሦስተኛ፣ ክብደት ብቻውን ያስቆማል፤ በከባዶቹ መሃል ያለው ብላክ ሆል ጋዙ እንዳይቀዘቅዝ ያግላል። ከክምችት ውጭ ያለ፣ ክብደቱ እኩል የሆነ ጋላክሲ ጎን ለጎን ካልቀረበ መገፈፉን ከብላክ ሆሉ መለየት አይቻልም። ይኼ ረቂቁ ውስጥ የለም።

ጸሐፊ፦ ይገባል። መረጃውን አወርዳለሁ ያለው ልጅ የት ገባ?

ጸሐፊ፦ አለህ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስለ ቀለሙ፦ ለማተሚያ ቤት ከምንከፍል ባለ ታንክ ፕሪንተር እንግዛ፣ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይቀራል።

ደሴ 2፦ ይኼ ጥሩ ሐሳብ ነው። ደሴ ይቀመጥ።

ኮምቦልቻ 2፦ በምን ሒሳብ?

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው፦ «ሩቅ» ወጥቷል። 30 ጋላክሲ ከኮማ፣ 30 በክብደት እኩያ ከውጭ። ፕሪንተር ገብቷል፣ ኢንተርኔት ወጥቷል።

ወልድያ፦ ኢንተርኔቱን አውጥታችሁ 60 ስፔክትረም በምን ይወርዳል?

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ያድለው። የፕሪንተሩ ቦታ ሳይወሰን ግን አልፈርምም።