ቨርጂኒያ ውስጥ ቄሱ በጋብቻ ወረቀት ላይ ለመፈረም ምን ያስፈልጋቸዋል?

የሰበካ ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ የመጡት ቄሳችን በሚቀጥለው ወር አሌክሳንድሪያ ሙሽሮች ይድራሉ። ክህነት የተቀበሉት ኢትዮጵያ ነው፤ እዚህ የትም አልተመዘገቡም። ተክሊሉን አድርሰው ማሬጅ ላይሰንሱንም (መንግሥት ለሙሽሮቹ የሚሰጠውን የጋብቻ ፈቃድ ወረቀት) እንዲፈርሙ ከየት እንጀምር?

የሕግ ረዳት፦ ቨርጂኒያ ክህነት ብቻውን አይበቃም። ቄሱ ከሰርጉ በፊት ሰርኪዩት ኮርት ክለርክ (የአካባቢው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት) ዘንድ ቀርበው የማጋባት ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። የሚጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ክህነት መቀበላቸውንና አሁንም የቤተ ክርስቲያኒቱ አባል መሆናቸውን ማስረዳት። የክህነት ወረቀቱን ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ ማኅተም ያለበት የደብራችሁን ደብዳቤና መታወቂያ ይያዙ።

የሚያሰናክለው ስም ነው። ክህነቱ ላይ የክርስትና ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ የመዝገብ ስም ካለ፣ ሁለቱም የአንድ ሰው መሆናቸውን ደብዳቤው ይግለጽ። የየቢሮው አሠራር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ደውሉ። ፈቃዱ አንዴ ከወጣ በመላው ቨርጂኒያ ይሠራል። ያለ ፈቃድ እያወቁ ማጋባት እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500 ዶላር ቅጣት አለው፤ እባካችሁ «በኋላ እናስተካክላለን» አትበሉ።

ሰላም ቪኤ፦ ላይሰንሱን የሚያወጡት ሙሽሮቹ ናቸው። ወጥቶ በዚያው ቀን መጋባት ይቻላል፤ በ60 ቀን ውስጥ ካልተጋቡበት ግን ጊዜው ያልፍበታል። ምስክር ግዴታ አይደለም። ቄሱ ፈርመው በ5 ቀን ውስጥ ለሰጠው ክለርክ ይመልሱ። አለዚያ ከሰርጉ ግርግር በኋላ ወረቀቱ እሳቸው ጋ ይቀርና ሙሽሮቹ ሰርቲፋይድ ኮፒ (ክለርኩ የሚያረጋግጠው የጋብቻ ማስረጃ ቅጂ) ያጣሉ። ለግሪን ካርድ የሚፈለገው ደግሞ እሱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰርተፊኬት አይተካውም።

የሰበካ ጸሐፊ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥርዓቱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢዛወርስ?

የሕግ ረዳት፦ የቨርጂኒያው ላይሰንስ እዚያ አይሠራም። ሜሪላንድ ላይሰንሱ ጋብቻው ከሚፈጸምበት ካውንቲ መውጣት አለበት፤ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ማለት ነው። ሥራ ላይ የሚውለው ከወጣ በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት (6 AM) ጀምሮ ስለሆነ ዓርብ አውጥቶ ቅዳሜ መጋባት አይሆንም። ለ6 ወር ያገለግላል። ቄሱ ግን በቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓት ማጋባት ከቻሉ በቂ ነው፤ ፍርድ ቤት መመዝገብ የለባቸውም። ዋሽንግተን ዲሲ ከሆነ ደግሞ ቄሱ በከተማዋ ፍርድ ቤት (ሱፒሪየር ኮርት) የጋብቻ ቢሮ ቀድመው ይመዝገቡ።

ቁም ነገሩ ቃል ኪዳኑ የሚፈጸምበት ቦታ ነው፤ የራት አዳራሹ የትም ቢሆን ለውጥ የለውም።