ለልጃችን ሁለተኛ ፓስፖርት ለማውጣት ተቸግረናል፤ የምታውቁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን የተወለደው አሜሪካ ነው፤ የአሜሪካ ፓስፖርቱን ብዙም ሳንንገላታ አወጣንለት። (ፎቶው ብቻ አሳራችንን አሳየን፤ ነጭ አንሶላ ላይ ባስተኛነው ቁጥር እንቅልፍ ይወስደዋል።) የተቸገርነው በብሪታንያው ነው።

እኔም ባለቤቴም የሁለቱም አገር ዜጎች ነን። ግን ብሪታንያዊ የሆንነው ውጭ አገር ተወልደን በወላጆቻችን በኩል ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የዜግነት ሕግ እንዲህ ያለ ወላጅ ውጭ አገር ለተወለደ ልጁ ዜግነቱን በቀጥታ አያስተላልፍም። ፓስፖርት ከመጠየቃችን በፊት ልጁን በዜግነት ማስመዝገብ አለብን ማለት ነው።

መንገዱስ አለ፤ የባለቤቴ አባት ብሪታንያ የተወለዱ ናቸው፣ እሷም ልጁ ከመወለዱ በፊት እዚያው ሦስት ዓመት በተከታታይ ኖራለች። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከአገር የወጣችባቸው ቀናት ከ270 መብለጥ እንደሌለባቸውም አይተናል፤ አይበልጡም። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። የያኔው ፓስፖርቷ ጠፍቷል፣ የቤት ኪራይ ውሉም በጓደኛዋ ስም ነበር። በእጃችን ያለው የደመወዝ ወረቀትና የባንክ መግለጫ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ያስመዘገባችሁ ካላችሁ፣ ምን አቀረባችሁ? ደግሞስ ማመልከቻው ሳያልቅ በአሜሪካ ፓስፖርቱ አያቱን ልናስጠይቀው ብንወስደው ችግር ያመጣብን ይሆን?