በጦሳ ግርጌ የሚሠራ የመኖሪያ ሰፈር፦ የተራራውን ብርድና ፀሐዩን እንዴት እናስተናግድ?

ነዳፊ ዘደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ፣ በጦሳ ግርጌ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ባደረገ ተዳፋት ላይ ለ24 አባወራ የቤት ማኅበር ሳይት ፕላን እየሠራሁ ነው። ተዳፋቱ በአማካይ 18 በመቶ ነው፤ በጎኑም ጎርፍ የሚወርድበት ቦረቦር አለ። ቤቶቹ ጂ+1 ናቸው፤ ስድስቱ ብቻ ጂ+2 ሆነው ቁመታቸው 10 ሜትር ገደማ ይደርሳል። መሀል ላይ 20 በ25 ሜትር የጋራ ግቢ አለ፤ ልጆች የሚጫወቱበት፣ አዛውንቶች ፀሐይ የሚሞቁበት፣ ለቅሶም ሠርግም ሲሆን ድንኳን የሚተከልበት።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ቤቶቹን ኮንቱሩን (እኩል ከፍታ ያለውን መስመር) ተከትዬ አግድም ልደርድራቸው ወይስ ሽቅብ ቁልቁል? ደግሞም ማኅበሩ ብርዱን ይመክትልናል ብሎ ዙሪያውን 2.5 ሜትር የብሎኬት አጥር ይፈልጋል። በእርግጥ ይመክታል? ማታ ከተራራው የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ቀን ደግሞ አቧራ ያዘለ ነፋስ ከታች ይመጣል። በእጄ ያለው የነፋስ መረጃ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያው ብቻ ነው።

ሽቅብ ቁልቁል

አብሽር፣ ጥያቄህ መሠረት ሳይቆፈር መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። የኮምቦልቻውን መረጃ ለዚህ ሥራ ተወው። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ አየር በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ገደማ ስለሚለወጥ በሙቀት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ይለያያሉ። በነፋስ አቅጣጫ ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። ደሴ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዟት በመካከል ያለች ከተማ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ቀን ሰፈርህ ላይ የሚነፍሰውን የሚወስነው ተዳፋቱ ራሱ ነው።

ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው መሬቱን የነካው አየር ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል። ፀሐይ ስትሸሽ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ የነካው አየር ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ እንደ ጎርፍ ውሃ ዝቅ ያለውን እየፈለገ ይወርዳል። ይህ የማታ ነፋስ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ውፍረቱም ከጥቂት ሜትሮች እስከ ጥቂት አስሮች ሜትር ነው። ቀጭን ስለሆነ ነው ባለ አንድ ፎቅ ቤትና አጥር እንኳ ሊያዞሩት ወይም ሊያቁሩት የሚችሉት።

ያንተ ቦታ አንድ የተለየ ነገር አለው። ተራራው በምዕራብ በኩል ስለሆነ፣ ማዶ የአዝዋ ገደል ጎን ገና ፀሐይ እየሞቀ እናንተ ጋ ጥላ ይወድቃል፤ ብርዱም ፀሐይ ሳትጠልቅ መውረድ ይጀምራል። የተራራው ጫፍ ከግቢው ሲታይ 10 ዲግሪ ከፍ ካለ በታኅሣሥ 45 ደቂቃ ያህል ፀሐይ ታጣላችሁ፤ 20 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ሰዓት ተኩል ገደማ። ማዕዘኑን በስልክህ የማዕዘን መለኪያ ከግቢው መሀል ሆነህ ዛሬውኑ ለካው።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ቤቶቹን በኮንቱሩ አግድም ደርድራቸው፤ መስመሩን ግን ቆራርጠው። 60 ሜትር ያለ ክፍተት የተሰለፈ የቤት ረድፍ ግድብ ነው፤ ብርዱ በጀርባው፣ በኩሽናና በመኝታ ቤት መስኮት በኩል ይቋጠራል። ሽቅብ ቁልቁል ብትደረድራቸው ደግሞ በረድፎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ብርዱንም ጎርፉንም ሰብስቦ በአንድ መስመር ያወርደዋል፤ እግረኛው የሚሄደው በዚያው ነው። ስለዚህ በየሦስትና በየአራት ቤቱ ከ4 እስከ 6 ሜትር ክፍተት ተው፤ የላይኛው ረድፍ ክፍተት ከታችኛው ጋር ፊት ለፊት እንዳይገጥም አዛንፈው። የጋራ ግቢው በምንም መልኩ ከክፍተት ሥር አይዋል። በጎን ያለውን ቦረቦር አትንካው፤ ጎርፉ የመረጠውን መንገድ ቀዝቃዛው አየርም ይመርጠዋል። የመሬት መንሸራተት በሚያስቸግራት ደሴ ቦረቦር ሞልቶ መሥራት የሚያስከትለውን ደግሞ ለናንተ አልነግራችሁም።

መረጃ ከፈለግህ ራስህ ሰብስብ። ሁለት ሜትር እንጨት ላይ ቀጭን የፌስታል ቁራጭ አስረህ ከላይኛው ጠርዝ፣ ከግቢው፣ ከታችኛው ጠርዝና ከቦረቦሩ አፍ ላይ ትከል። በእጅ በሚያዝ የነፋስ መለኪያ በ1.5 ሜትር ከፍታ የ10 ደቂቃ አማካይ ያዝ። ሰዓቶቹ ጎህ ሳይቀድ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሁኑ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉ ጥርት ያሉ ቀናት። ደመና በዋለበት ቀን የለካኸው ስለ ማታው ብርድ ምንም አይነግርህም።

ጥላ ቆጣሪ

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ደሴ ላይ ግን ከነፋስ በፊት ፀሐይ ትቀድማለች ባይ ነኝ። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቶ ጨረሩ ይበረታል። በአንድ ሰዓትና በአንድ የአየር ሙቀት ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው ኮቱን ሲያወልቅ፣ አሥር እርምጃ አልፎ ጥላ ውስጥ ያለው ጋቢ ይደርባል። ቴርሞሜትር ይህን አያሳይህም። የፒንግ ፖንግ ኳስ ግራጫ ቀብተህ የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሀሉ ላይ አስገባና ጥላ ውስጥ ካስቀመጥኸው ሌላ ቴርሞሜትር ጋር አነጻጽር፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰውየው ከጨረር የሚያገኘውን ይጠቁምሃል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ደሴ 11 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ታኅሣሥ 12 ፀሐይ በደቡብ በኩል ከ55 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ብላ ነው እኩለ ቀን የምትሆነው፤ ይህም በሰዓታችን 6፡20 ገደማ ነው። ያን ጊዜ የ10 ሜትር ቤት ጥላ በሜዳ ላይ ወደ ሰሜን 7 ሜትር ይሄዳል። ከጠዋቱ 3፡20ና ከቀኑ 9፡20 ላይ የፀሐይ ከፍታ 34 ዲግሪ ስለሆነ በሜዳ ላይ 15 ሜትር ይደርሳል። ያንተ መሬት ግን ሜዳ አይደለም። የጠዋቱ ጥላ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዳገቱን ስለሚወጣ አጥሮ 12 ሜትር ይሆናል፤ የከሰዓቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቁልቁል ስለሚወርድ 19 ሜትር ይረዝማል። አንድ ቤት፣ አንድ ቀን፣ ሆኖም በ7 ሜትር ይለያያል።

ስለዚህ ጂ+2ዎቹን ከግቢው በላይ ወይም በደቡብ በኩል አታስቀምጣቸው። በላይ ካደረግሃቸው ቀድሞውንም አጭር የሆነውን የከሰዓት ፀሐይ ይበሉታል፤ በደቡብ ከሆኑ ደግሞ እኩለ ቀኑን ይወስዳሉ። ቦታቸው ከግቢው በስተሰሜን ነው። የነሐሴና የሐምሌ ፀሐይ አያስጨንቅህ፤ ክረምቱን ደመናው ይሸፍነዋል።

ሌላም አለ። ግቢው 20 ሜትር ቁልቁል ከወረደ በ18 በመቶ 3.6 ሜትር የከፍታ ልዩነት አለው፤ ደልዳላ ለማድረግ ግማሹን ቆርጠህ ግማሹን ትሞላለህ። በላይኛው በኩል የሚቆመውን 1.8 ሜትር የድጋፍ ግንብ በጥቁር ድንጋይ ሥራውና ሥሩ ላይ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ መቀመጫ አድርግለት። ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ከረፋድ ጀምሮ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይቆያል። የአዛውንቶቹ ቦታ እዚያ ነው። ከግንቡ ጀርባ ውሃ ማስወጫ ቱቦ እንዳትረሳ፤ እርጥብ ግንብ ሙቀት አይዝም፣ በክረምትም ይገፋል።

ነዳፊ ዘደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥላውን በሜዳ ሒሳብ ነበር ያሰላሁት። አጥሩ ግን አልተመለሰልኝም። በላይኛው ጠርዝ የቆየ ባህር ዛፍ አለ፤ የማኅበሩ አባላት እሱም ነፋስ ይከለክልልናል ይላሉ።

የጥድ ዛፍ

ባህር ዛፉ እንዴት እንደቆመ ተመልከተው። ሥሩ ተመልምሎ ግንዱ ብቻ ከቀረ፣ ከላይ ቅጠሉ የከለከለው ነፋስ በግንዶቹ መካከል ተጣቦ በሰው ቁመት ላይ ፈጥኖ ያልፋል። ለብርድ መከላከያ የሚሆነው ከመሬት ጀምሮ ቅርንጫፍ ያለው ነው። የሐበሻ ጥድ በሁለት ረድፍ፣ በረድፍ መካከል 2.5 ሜትር፣ በዛፍ መካከል 2 ሜትር አድርገህ አዛንቀህ ትከል፤ የታችኛውን ቅርንጫፍ ማንም አይመልምለው። ወይራ መሀል መሀል ብትጨምር መልካም፤ የሚያድገው ግን በዝግታ ነው።

ለአጥሩ፣ አራቱን ጎን አንድ ዓይነት ማድረግ ነው ስሕተቱ። በላይኛው ጎን ድፍን ግንብ ይሠራል፤ ቀጥ ብሎ በኮንቱሩ ከሄደ ግን ብርዱ ሞልቶ ከላዩ ይዘልና ግቢው ውስጥ ይወድቃል። ከኮንቱሩ 20 እስከ 30 ዲግሪ አዘንብለው፣ ዝቅ ያለው ጫፉ ወደ ቦረቦሩ ይሁን፤ ብርዱን እየመራ ያወጣዋል። የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ የሚቀየሰው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሁለቱን አብረህ ሥራቸው።

የታችኛው ጎን ድፍን 2.5 ሜትር ከሆነ ግን ግቢው ገንዳ ይሆናል። ከላይ የገባው ቀዝቃዛ አየር መውጫ አጥቶ እስከ አጥሩ ጫፍ ይቋጠራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ የሚያርፈው እዚያ ነው። የቀኑን ነፋስም ቢሆን ድፍን ግንብ በደንብ አይመክትም። ነፋሱ ከላዩ ዘሎ ከኋላው ይሽከረከራል፣ የያዘውን አቧራ ያራግፋል። ከ40 እስከ 50 በመቶ ክፍት የሆነ አጥር ነፋሱን ያደክመዋል እንጂ አያዘልለውም፤ መከታውም ከቁመቱ 10 እጥፍ ይሄዳል። 2.5 ሜትር ከሆነ 25 ሜትር ማለት ነው፤ 20 ሜትሩን ግቢህን ይሸፍንልሃል። ብሎኬቱን በጎኑ እያጋደምህ ቀዳዳውን ማሳየት ወይም ብሎኬት አንድ ዘልለህ አንድ መደርደር በቂ ነው፤ ከሞላ ብሎኬት የበለጠ ወጪ የለውም። ዋናው ነገር ከመሬቱ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ክፍተቶች በየሜትር ተኩሉ ይኑሩ፤ የማታው አየርም የዝናቡ ውሃም የሚወጣው በእነሱ ነው። በሩን ማዕዘን ላይ አታድርገው፤ ነፋስ ከሁሉ የሚፈጥነው ማዕዘን ላይ ነው።

ከቦርከና ማዶ

በአንድ ነገር ከ"ሽቅብ ቁልቁል" ጋር አልስማማም። ክፍተቶቹን ሁሉ ማዛነፍ ለብርዱ ጥሩ ነው፤ ማታ ማታ 24 ቤት ከሰልና እንጨት ሲያነድ ግን ጭሱም አብሮ ይታሰራል። ሸለቆው ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲተኛ ከላይ ሞቃት አየር ይከድነዋል፣ ጭሱም ሽቅብ አይወጣም። ስለዚህ በቦረቦሩ በኩል ቢያንስ 8 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መተላለፊያ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይለቀቅ፤ የቀሩት ይዛነፉ። እዚያ ላይ ሱቅም፣ ጋራዥም፣ የውሃ ታንከርም አይቀመጥ።

ይህ የደሴ መልስ መሆኑንም ልብ ይሏል። ይህንኑ ፕላን ወስዶ ኮምቦልቻ የሚተክል ሰው ሕዝቡን ያቃጥላል። እዚያ ከሐረጎ ዳገት በኩል የሚወርደው የማታ አየር በረከት ነው፤ ክፍተቶቹ ፊት ለፊት ይግጠሙ፣ መንገዶቹ ከነፋሱ 20 እስከ 30 ዲግሪ ዘንበል ብለው ለሁለቱም ወገን ያካፍሉ፣ የሕንፃው ቁመት ከመንገዱ ስፋት ጋር ተቀራራቢ ሆኖ እግረኛው ጥላ ያግኝ። ደሴ ላይ ግን ቁመቱ ከስፋቱ ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል።

በዝቅተኛ ቤቶች መካከል ብቻውን ጂ+7 የሚያቆም ሰውም ይህን ይወቅ። የሕንፃውን ፊት የመታው ነፋስ ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛ በላይ ያለው ወደ ላይ ሲያልፍ የቀረው ወደ መሬት ይወርዳል፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው የሚያገኘው የአራተኛውንና የአምስተኛውን ፎቅ ነፋስ ነው። ከመጀመሪያው ፎቅ በላይ 3 ሜትር የወጣ በረንዳ ወይም ታዛ ይሰብረዋል። ኮረብታ ጫፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጉብታው 100 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከጫፉ እስከ ቁመቱ ግማሽ ያለው አግድም ርቀት 400 ሜትር ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ነፋሱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይፈጥናል፤ ቆርቆሮውን የሚገፋው ኃይል ሁለት እጥፍ ገደማ ይሆናል።

በኮምፒውተር ለመሞከር ካሰብህ፣ የሙቀት ልዩነትን የማያሰላ የነፋስ ሞዴል የማታውን ብርድ ፈጽሞ አያሳይህም፤ ቀዝቃዛ አየር በክብደቱ እንዲወርድ የሚፈቅድ መሆን አለበት። ከሳተላይት የሚገኘው የ30 ሜትር ከፍታ መረጃም ቦረቦርህን ይውጠዋል፤ ሰርቬየር ያነሳውን የ1 ሜትር ኮንቱር አስገባ፣ ከላይም እስከ ጦሳ ጫፍ ድረስ ያለውን ተዳፋት ጨምር።

የታችኛው አጥር ክፍተቶች ከክረምት በኋላ በደለልና በፌስታል ይደፈናሉ። መስከረም ሳይወጣ እንዲጠረጉ በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አስገቡት፤ ብርዱ በጥቅምት ይመጣል።