በፈጣን ማጥፊያ የጠፋ ሲዲ-አርደብሊው እና ዲቪዲ+አርደብሊው፦ ፎቶዎቹን ማውጣት ይቻላል?

ሰማያዊ ዲስክ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ዲስኮች በስህተት ጠፍተውብኛል። አንዱ 700 ሜጋባይት ሲዲ-አርደብሊው (እየጠፋ እንደገና የሚጻፍበት ሲዲ) ሲሆን በበርን ፕሮግራም (በዲስክ መጻፊያ) «ኩዊክ ኢሬዝ» (ፈጣን ማጥፊያ) ተደርጓል። ሌላው ዲቪዲ+አርደብሊው ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ፈጣን ፎርማት ተደርጎበታል። ሁለቱም ላይ የነበሩት የጄፔግ ፎቶዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ምንም አልተጻፈባቸውም። ሲዲው ሲገባ «ባዶ ዲስክ» ይላል፤ ዲቪዲው ይከፈታል፣ ፋይል ግን የለውም። የሚተርፍ ነገር አለ? ለሰው የምሰጠው ሦስተኛ ዲስክም አለ፣ ዲቪዲ-አርደብሊው። ማንም መልሶ እንዳያወጣበት አድርጌ እንዴት ላጥፋው?

ሴክተር 16፦
አይዞህ፣ ምንም ካልተጻፈባቸው ተስፋ አለ። ዊንዶውስ ዲስኩን ላዘጋጅ ብሎ ሲጠይቅህ እሺ አትበለው። እሺ ካልከው እንደገና ይጽፍበታል።

ቀላሉ ዲቪዲው ነው። ዲቪዲ+አርደብሊው እንደ ሲዲ ባዶ የማድረግ ነገር የለውም፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ በቀጥታ ይጻፋል። ፈጣን ፎርማት በአብዛኛው የሚያድሰው የፋይል ሥርዓቱን (ፋይሎች የት እንዳሉ የሚመዘገብበትን) መነሻዎች ነው፦ ከሴክተር 16 (ሴክተር የዲስኩ ትንሿ የመረጃ ክፍል ናት) ጀምሮ ያለውን፣ ሴክተር 256ን እና ወደ ዲስኩ ዳር ያለውን ቅጂያቸውን። ፎቶዎቹ ከቦታቸው አልተነሱም፣ ድራይቩም ያነባቸዋል።

መጀመሪያ በዲዲሬስኪዩ (ከተበላሸ ዲስክ መረጃ በሚገለብጥ ፕሮግራም) የዲስኩን ሙሉ ምስል (የሁሉንም ሴክተሮች ቅጂ የያዘ አንድ ፋይል) ሐርድ ዲስክ ላይ አውጣ፤ ከዲስኩ በቀጥታ ፋይል ለማውጣት አትሞክር። የሴክተር መጠኑን 2048 ባይት ብለህ ስጠው፣ ካልነገርከው 512 አድርጎ ነው የሚነሳው። በመጀመሪያው ዙር የተበላሸውን ቦታ እየዘለለ ይለፍ፣ በሁለተኛው ዙር የቀረውን 3 ጊዜ ይሞክር። የማፕ ፋይል (የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት) ካልሰጠኸው ደግሞ መሃል ላይ ቢቋረጥ ከዜሮ ትጀምራለህ። ምስሉ ሲያልቅ 2,295,104 ሴክተር ወይም 4,700,372,992 ባይት መሆን አለበት። ጥቂት ሜጋባይት ሆኖ ከቆመ መጠኑን ራስህ ጻፍለትና ድገመው።

ምስሉ ላይ ፎቶሬክን (የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም) አሂድ፣ የፋይል ዓይነት ጄፔግን ብቻ ምረጥ። የፋይሎቹ ስምና ፎልደር አይመለስም፤ የተነሱበት ቀን ግን ፎቶው ውስጥ ስለሚቀመጥ በእሱ ትደረድራቸዋለህ።

ቢት ለቃሚ፦
ሴክተር 16 ስለ ዲቪዲው ያለው ትክክል ነው። ሲዲው ላይ ግን ያ መንገድ አይሠራም፣ ዲዲሬስኪዩ ገና ሲነሳ ስህተት ይሰጥሃል። ፈጣን ማጥፊያው የነካው ከዲስኩ እምብርት አጠገብ ያለውን የማውጫ ሠንጠረዥና አካባቢውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መረጃ እንዳለ ነው፤ ድራይቩ ግን ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነ ወደዚያ ሌዘሩን አይልክም። ስለዚህ ሥራው ሠንጠረዡን መመለስ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነው። ዲስኩን የሚሞላ፣ 700 ሜጋባይት አካባቢ የሆነ ምስል አዘጋጅና በዲስክ-አት-ዋንስ (ሙሉ ዲስኩን በአንድ ጊዜ በሚጽፍ ዘዴ) መጻፍ ጀምር። በዚህ አጻጻፍ ሠንጠረዡ መጀመሪያ ይጻፋል፣ የዲስኩ መጨረሻም 79ኛው ደቂቃ አካባቢ እንደሆነ ይመዘገባል። ፕሮግራሙ የመረጃውን ክፍል መጻፍ እንደጀመረ ኃይሉን ቁረጥ። «ሰርዝ» የሚለውን አትጫን፤ ድራይቩ ዲስኩን ዘግቶ አጭር መጨረሻ ሊመዘግብበት ይችላል። የኃይል ገመዱ በቀላሉ የሚነቀል ውጫዊ ድራይቭ ለዚህ ይመቻል፣ ፍጥነቱንም ዲስኩ የሚቀበለው ዝቅተኛው ላይ አድርገው። ከመነሻው ጥቂት ሜጋባይት ይሞታል፣ የዲስኩ ሴክተር ቁጥር 16ም አብሮ ይሄዳል፤ ሌላው ግን በዲዲሬስኪዩና በፎቶሬክ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ተጽፎ የተዘጋ ዲስክ ላይ ፋይሎች ሳይቆራረጡ ተከታትለው ስለሚቀመጡ ውጤቱ ጥሩ ነው። እንደ ፍላሽ እየተጎተተ በጥቂት በጥቂቱ የተሞላ ከሆነ ግን ግማሽ ላይ ግራጫ የሚሆኑ ፎቶዎች ጠብቅ።

ይህን ሁሉም ድራይቭ አይቀበለውም። ብዙ ጊዜ ከመሞከርህ በፊት ሌላ ዲስክ ላይ ልምምድ አድርግ፤ እያንዳንዱ ሙከራ መነሻውን እንደገና ይበላዋል። ማንበቡ ላይ ቢቸገር ድራይቩን ቀይር፤ ሲዲ-አርደብሊው የሚመልሰው ብርሃን ከ15 እስከ 25 በመቶ ብቻ ነው፣ ተራ ሲዲ 70 በመቶ ይመልሳል፣ ስለዚህ ደካማ ሌዘር ቶሎ ይሸነፋል። ስትወለውል ደግሞ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርገህ እንጂ ዙሪያውን አትሂድ፤ በትራኩ አቅጣጫ የሄደ ጭረት ተከታታይ ሴክተሮችን ይገድላል።

ሴክተር 16፦
የሲዲውን ማስተካከያ አመሰግናለሁ። አሁን ሦስተኛው ዲስክ፦ ከላይ እንዳየኸው ፈጣን ማጥፊያ ለሚሰጥ ዲስክ አይበቃም፣ «ፉል ኢሬዝ» (ሙሉ ማጥፊያ) ምረጥ። በ2 እጥፍ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በሁለት ደቂቃ «ጨረስኩ» ካለህ ፈጣኑን ነው የሠራው። ሌዘሩ መላውን ንጣፍ አሙቆ ወደ አንድ ወጥ ክሪስታል ስለሚመልሰው አንድ ዙር ይበቃል፣ ዲስኩም ወደ 1,000 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የሚጻፈውና መደጋገም አያስፈልግም።

ፉል ኢሬዝ ለተቀባዩም ይሻላል። በፈጣን የጠፋ ዲቪዲ-አርደብሊው ከዚያ በኋላ የሚቀበለው በአንድ ጊዜ የሚጻፍ ሙሉ ዲስክ ብቻ ነው፤ በሴሽን በሴሽን (በየጊዜው በክፍል በክፍል) ልጨምር ሲል ፕሮግራሙ እምቢ ይለዋል። መጥፋቱን በዓይንህ ማየት ከፈለግህ ግን ባዶ ዲስክ አይነበብምና፣ ዲስኩን የሚሞላ የዜሮ ፋይል ጻፍበትና መልሰህ አንብበው። ዲቪዲ+አርደብሊው ቢሆን ኖሮም መንገዱ ይኸው የዜሮ ፋይል ነው፤ በ4 እጥፍ 14 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።