ክሎሚፊን (እንቁላል እንዲወጣ የሚሰጥ ክኒን) 100 ሚ.ግ. አልሠራም፤ ወደ አይቪኤፍ (ከማህፀን ውጭ ጽንስ ማስጀመር) እንላካት?

አዋላጇ፦ ፒሲኦኤስ (እንቁላል በየጊዜው እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) ያለባት የ29 ዓመት ሴት ናት። ክሎሚፊን ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን፣ መጀመሪያ 50፣ በሁለተኛው ዙር 100 ሚ.ግ. ወሰደች። በሁለቱም ዙር የ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምር ሆርሞን) ዝቅተኛ ነው። በሁለተኛው ዙር የወር አበባዋ በ37ኛው ቀን በራሱ መጣ። የባሏ የዘር ፈሳሽ ደህና ነው። 150 እንስጣት ወይስ እንላካት?

ጋይኒ (የማህፀን ሐኪም)፦ አልሠራም ለማለት አትቸኩሉ። አበባዋ በ37ኛው ቀን ከመጣ እንቁላሉ በ23ኛው ቀን አካባቢ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በ21ኛው ቀን ፕሮጄስትሮን ከየት ይመጣል? የ21ኛው ቀን ምርመራ በየ28 ቀኑ ለሚመጣላት ሴት ነው። ለእሷ ትክክለኛው ጊዜ አበባው ከመምጣቱ 7 ቀን በፊት፣ ማለትም በ30ኛው ቀን ነበር። ከ3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል። የሽንት ኤልኤች (እንቁላል ሊወጣ ሲል የሚጨምር ሆርሞን) ስትሪፕንም አትመኑ፤ ፒሲኦኤስ ላይ ኤልኤች ድሮም ከፍ ስለሚል በከንቱ ፖዘቲቭ ያሳያል። አልትራሳውንድ ካለ ከ12ኛው ቀን ጀምሮ ፎሊክሉን (እንቁላሉን የያዘውን ከረጢት) ተከታተሉ።

ፋርማሲስት፦ በዚያም ላይ 150 ከመስጠት ሌትሮዞል (ሌላው እንቁላል የሚያስወጣ ክኒን) ይሻላል። ክሎሚፊን የማህፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ያሳሳል፤ እንቁላል ወጥቶም ላይረገዝ ይችላል። በ2014 በወጣው የአሜሪካ ጥናት 750 ሴቶች ተካተው፣ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን ከወሰዱት 19.1 በመቶ ወልደዋል። 2.5 ሚ.ግ. ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን፤ እንቁላል ካልወጣ በቀጣዩ ዙር 5፣ ከዚያ 7.5። የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «የጡት ካንሰር መድኃኒት» የሚለውን አንብበው የሚጥሉት ብዙ ናቸውና ቀድማችሁ ንገሯት። በየዙሩ ከመጀመሯ በፊት ግን የእርግዝና ምርመራ ግድ ነው።

አዋላጇ፦ የማህፀን ቱቦዋ አልታየም። ሜትፎርሚንም (የስኳር በሽታ መድኃኒት) ጀምራለች፤ ጾም ላይ ግን ሆዷን ያማታል።

ጋይኒ፦ እንግዲያው ቀጣዩ ዙር ከመጀመሩ በፊት ቱቦዋ በኤክስሬይ ይታይ። ሁለቱም ከተዘጉ የትኛውም ክኒን አይጠቅምም፤ ያኔ ነው በቀጥታ ወደ አይቪኤፍ የሚኬደው። ሜትፎርሚኑን በባዶ ሆድ አትውሰድ፤ ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር በ500 ሚ.ግ. ትጀምርና በየሳምንቱ ይጨመርላት። ቀስ ብሎ የሚሟሟው ዓይነት ከተገኘ ለሆድ ይቀላል። ሌትሮዞል 7.5 ላይም እንቁላል ካልወጣ የሆርሞን መርፌ ወይም በላፓሮስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ኦቫሪን (የእንቁላል ማፍሪያውን) መብሳት ይከተላል። መርፌው በዝቅተኛ መጠን፣ አልትራሳውንድ በተደጋጋሚ በሚታይበት ቦታ ብቻ ይሰጥ፤ የፒሲኦኤስ ኦቫሪ ከመጠን በላይ ፎሊክል ያበቅልና መንታ ወይም ሦስት ይረገዛል፣ ሆድ ውስጥም ውሃ ይቋጥራል።