ለተመሳሳይ ሕመም የተለያየ የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ሕሊና
ጤና ይስጥልኝ። በድባቴ ምክንያት ወደ ሥነ ልቦና አማካሪ መመላለስ ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በዚያው ሕመም እኚሁ ባለሙያ ዘንድ የምትሄደው ባልደረባዬ የሚመጡባትን ሐሳቦች በየዕለቱ በደብተር እንድትመዘግብ ተነግሯታል፤ እኔ ግን የምጠየቀው በአብዛኛው ስለ እናቴ ሞት፣ ስለ እንቅልፌና ከሥራ በኋላ ስላለው ሰዓት ነው። ሕክምናው ለየሰው እንዲስማማ መደረጉ መልካም ቢሆንም፣ ከዘፈቀደ የሚለየው በምንድን ነው? እየረዳኝ መሆኑንስ እንዴት አውቃለሁ?

ዳዊት
በሙያው ስለምሠራ የማውቀውን ላካፍልዎት። የሕመሙ ስም አንድ ቢሆንም ሰውን ይዞ የሚያቆየው ነገር ይለያያል። «አልረባም» የሚል ሐሳብ ቀኑን ሙሉ የሚመላለስባት ሴት፣ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ካበጀው የአስተሳሰብ ሕክምና የመጣው የምዝገባ ዘዴ ሐሳቧን በማስረጃ እንድትመረምር ይረዳታል። ኀዘንተኛ ግን እናቱን ማጣቱ እውነት ነውና፣ «ሐሳብህን መርምር» ከመባሉ በፊት ኀዘኑ ሊደመጥለት ይገባል።

ከዘፈቀደ የሚለየው ባለሙያው ችግሩን ምን እንደቀሰቀሰውና ምን እንዳቆየው አያይዘው ማስረዳት ሲችሉ ነው። «ችግሬን እንዴት ተረዱት? ይህን መንገድስ ለምን መረጡልኝ?» ብለው ይጠይቋቸው፤ መብትዎ ነው።

ለውጡን ለመከታተል ደግሞ የድባቴን ክብደት የሚለካ፣ በአማርኛም የሚገኝ ፒኤችኪው-9 የተባለ መጠይቅ አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚመለከቱት 9 ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ስለሚመዘኑ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። በየተወሰነ ጊዜ ተሞልቶ ውጤቱ ካልቀነሰ፣ መንገዱን ስለ መለወጥ መነጋገር ያስፈልጋል።

ወይዘሮ አልማዝ
ልጄ ሕሊና፣ እኔም ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አማካሪዬ በቅድሚያ የጠየቀኝ ቀኑ በየትኛው ሰዓት እንደሚከብደኝ ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል መሆኑን ብነግረው፣ በዚያ ሰዓት ከጎረቤቴ ጋር ቡና እንድጠጣ ተስማማን፤ አሁን በየተራ እናፈላለን። ጸሎትና ጠበል ተዪ አላለኝም፤ መድኃኒቴን ግን በዚያ ምክንያት እንዳላቋርጥ አጥብቆ ነግሮኛል።

ሰናይት
ከላይ ስለ ተጠቀሰው መጠይቅ አንድ ነገር ልጨምር። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለ መጉዳት ስለሆነ፣ ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ ለዚህኛው መልስዎ ከ0 በላይ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለባለሙያዎ ይንገሩ፤ አደጋው የቀረበ ከመሰለዎት ግን በአቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እንዲሁም ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ሰው ምክር ብቻውን ስለማይበቃው፣ አዲስ አበባ እንዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ባለ ቦታ የሥነ አእምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ሕሊና
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቀጠሮዬ ሐሙስ ስለሆነ ሁለቱን ጥያቄዎች ይዤ እሄዳለሁ። መጠይቁን ቤት ልሙላው ወይስ እዚያው?

ዳዊት
እዚያው ቢሞሉት እመርጣለሁ፤ መልስዎን ወዲያው አይተው የሚያነጋግሩዎት ሰው ይኖራሉ።